ዩኒቨርሲቲን ለ3ኛ ክፍል ልጅ እንዴት እናስረዳው?



«ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ ወይም ለዒድ ዘመድ ሲሰበሰብ ልጁ ይጠራና መሐል ላይ ቆሞ «ዶክተር!» ይላል። ሁሉም «ማሻአላህ!» ብሎ ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ዶክተር ለመሆን የት እንደሚኬድ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ እዚያ ማን እንደሚያስገባ፣ ምን ተበልቶ የት እንደሚታደር ለልጁ የሚነግረው የለም። ብዙ ጊዜ ጠያቂው ራሱም አያውቀውም።

እኔ የማስተምረው ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ነው። በሥራ ቀን 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሠፈራችንን ሕፃናት ቁርኣን አስቀራለሁ። በእኛ አካባቢ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጥ ሌላም መልስ አለ። በተለይ ሴቶቹ ልጆች «ዐረብ ሀገር እሄዳለሁ» ይላሉ። ሲሉትም ሳይቀልዱና ሳያዝኑ፣ እንደ ማንኛውም ሥራ ቆጥረውት ነው። እናቷ ወይም ታላቅ እህቷ ጂዳ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች ልጅ የቤታቸው ቆርቆሮ በማን ገንዘብ እንደተገዛ ታውቃለች። ፓስፖርት እንዴት እንደሚወጣ፣ የሕክምና ምርመራው ምን እንደሆነ፣ ደላላው የት እንደሚገኝ በዘጠኝ ዓመቷ አንድ በአንድ ትነግራችኋለች። ስለ ዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ ያለ የመንገድ ዕውቀት የላትም። የመንገዱን አንድ መታጠፊያ እንኳ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ከክፍሌ ልጆች ጋር የሞከርነውን ሥራ ለመጽሔቱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ለምን ገና በ3ኛ ክፍል?

ሥራውን ስንጀምር አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህር፣ ልጄ ገና ፊደሉን አልለየም። ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራለታል? ማንበቡን አስተምሩልኝ» አሉኝ። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም፤ የሀገራችን ቁጥርም ከእሳቸው ጋር ነው።

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ነው፤ ፈተናው የተካሄደው በጥቅምት 2015 ነበር። ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ደረሰ። በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ይፋ ሲደረግ ሀገር ሁሉ ደነገጠ፤ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ተማሪውም ጥፋቱን እርስ በርስ ተወራወሩት። ነገር ግን ይህ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ የተወለደ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በታችኛው ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ የንባብ ፈተና፣ ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አሳይቶ ነበር። በእኛ ከተማ ደግሞ ከዚህ ላይ የ2014ቱ ጦርነት ተጨምሯል። ያኔ ከነቤተሰቦቻቸው የተፈናቀሉት ሕፃናት ናቸው ዛሬ ክፍሌ ውስጥ የተቀመጡት።

ስለዚህ ለአባትየው «እውነትዎን ነው፤ ሥራው የንባብና የጽሕፈት ሥራ ይሆናል» አልኳቸው። ሆነም። የዩኒቨርሲቲው ነገር ልጆቹ የሚያነቡበትና የሚጽፉበት ምክንያት ነበር እንጂ ከንባብ የተነጠለ መዝናኛ አልነበረም። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ጥቁር ጋዋን ተከራይቶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ፎቶ አስነሥቶ «አስመረቅን» ማለት በየከተማው ተለምዷል። ወላጅን ደስ ያሰኛል፤ ለልጁ ግን ስለ መንገዱ የሚነግረው ምንም ነገር የለም። በእኔ ግምት የኪራዩ ገንዘብ ለደብተር ቢውል ይሻላል።

ከ3ኛ ክፍል የጀመርንበት ሌላም ምክንያት አለ። ሠራተኞችን ወደ ውጭ ስለመላክ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ተጓዡ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ ያልተማረች ልጅ በባዕድ ሀገር እንዳትበደል ነው። በኋላ አዋጁ ቢሻሻልም፣ «ስምንተኛን ትጨርስና ትሂድ» የሚለው አነጋገር በብዙ ቤት ውስጥ ቀርቷል። በመሆኑም ስለ ሌላው መንገድ 9ኛ ክፍል ስትገባ እንነግራታለን ብለን የምንጠብቃት ልጅ 9ኛ ክፍል ላይገኝ የምትችል ልጅ ናት።

የጥያቄ ከረጢት

ዩኒቨርሲቲን ለልጅ በሕንፃ ማስረዳት ይቻላል። «ትልቅ ግቢ ነው፤ ፎቅ አለው» ይባላል፤ ልጁም ፎቅ ይሥላል። እኛ የመረጥነው በጥያቄ ማስረዳትን ነው። ለልጆቹ የተሰጠው ትእዛዝ ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ጥያቄ ያመጣል፤ በገዛ እጁ በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፤ ጥያቄው እቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተጠይቆ ያልመለሰው መሆን አለበት። አያት ከመለሱት ልጁ ደግሞ «ለምን?» ይላል፤ አያት «አላህ ያውቃል» እስኪሉ ድረስ።

ክፍሉ 61 ልጆች አሉት። የዱቄት ከረጢት ተርትረን፣ አጥበን፣ በግድግዳው ላይ በምስማር ወጠርነውና ብጣሾቹን በስፌት አያያዝንበት። ከዚያ በየጥያቄው ሥር ያንን ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ የሚያጠናውን የትምህርት ክፍል ስም ጻፍን። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። መልሱን ሁሉ እኔ አላውቀውም ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ መምህራን ወዳጆቼን አስቸገርኩ።

«እንጀራ ለምን ዓይን አለው?» የመጀመሪያዋ ብጣሽ ናት። ሊጡ ሲቦካ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ጋዝ ያወጣሉ፤ ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙ አረፋ እየሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፤ የፈነዳበት ቦታ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያጠኑት የማይክሮባዮሎጂና የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። በሳምንቱ አንዲት እናት መጥታ «አብሲት ስጥል እላዬ ላይ ቆማ ‹እማ፣ ይኸ እኮ ማይክሮባዮሎጂ ነው› ትለኛለች፤ ምን አስተማራችኋት?» ብላ አሳቀችን።

«ወደ ደሴ ስንሄድ ሐረጎን ስንወጣ ጆሮዬ ለምን ይደፈናል?» መንገዱን የምታውቁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በጆሮ ውስጥ ያለው አየር ግን ከውጭው ጋር ለመስተካከል ጊዜ ይፈልጋል፤ ምራቅ ስንውጥ የሚከፈተውም ለዚህ ነው። በዚህች ጥያቄ ሥር ሁለት ስም ተጻፈ፦ ፊዚክስና ሕክምና። አንድ ጥያቄ በሁለት ክፍል ሊጠና መቻሉ ልጆቹን አከራከራቸው። «ማን ይቅደም?» የሚል ክርክር!

«ረመዳን ለምን በየዓመቱ ቀደም ብሎ ይመጣል?» ይህቺን ያመጣው ልጅ አያቱን፣ አባቱንና የሠፈሩን ሙአዚን ጠይቋል። በዚህች ጥያቄ የአንድ ቀን የሒሳብ ትምህርት ሠራን። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365። ልጆቹ ቀነሱ፤ 11 ወጣ። 11 ቀን በየዓመቱ ወደ ኋላ ከተሳበ ስንት ዓመት ቆይቶ ረመዳን ዞሮ እዚያው ወቅት ላይ ይመጣል? 33 ዓመት ገደማ። «ያኔ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?» የሚለውን ስሌት እኔ አላዘዝኩም፤ ሁሉም በደብተሩ ጀርባ ሠራው። ሥሩ ላይ «የሥነ ፈለክ ትምህርት» ብለን ጻፍን፤ በአዲስ አበባ እንጦጦ ተራራ ላይ የከዋክብት መመልከቻ እንዳለም ነገርኳቸው።

«የአያቴ ዓይን ለምን ነጭ ሆነ?» የዓይን ሞራ ነው። በሀገራችን ዓይነ ስውርነትን ከሚያመጡ ምክንያቶች ዋነኛው ሲሆን በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ «ይድናል?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ለቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲያስመረምሩ መልእክት ላክሁ። የዓይን ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ሐኪም መሆን፣ ከዚያ እንደገና ለዓመታት ስለ ዓይን ብቻ መማር እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው አንዱ ልጅ «ሁለት ጊዜ ዩኒቨርሲቲ?» ብሎ አዘነለት።

የቦርከና ወንዝ ቀለም፣ የጅብ ጩኸት፣ ባትሪ ሲያልቅ ውስጡ የነበረው ነገር የት እንደሚሄድ ... ሁሉንም ልዘርዝር ብል ገጹ አይበቃም።

ደረሳና ዲፓርትመንት

«ዲፓርትመንት» የሚለውን ነገር ማስረዳት ይከብዳል ብዬ ነበር፤ ግን የወሎ ልጅ ይህን ከአያቱ ይዞት መጥቷል። በቀድሞ ጊዜ ዕውቀት ፈላጊው ደረሳ ኪታቡንና ስንቁን ይዞ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው እየተጓዘ ይቀራ ነበር። አንዱ ሸኽ በፊቅህ፣ አንዱ በነሕው፣ አንዱ በተፍሲር የታወቀ ነው፤ ደረሳውም የሚፈልገውን ዕውቀት ተከትሎ ይሄዳል። ዳናና ጀማ ንጉሥ እንዲህ ደረሳ ከሩቅ የሚመጣባቸው ቦታዎች ነበሩ። ደረሳው የሚኖረው በጎጆ ነው፤ የሚበላውም አካባቢው የሚሰጠውን ነው። «እንግዲህ ዲፓርትመንት ማለት በአንድ ግቢ የተሰበሰቡ ብዙ ሸኾች እንደማለት ነው» ስላቸው አንዲት ልጅ «ጎጆውስ?» አለች። እሱ ዶርም ነው።

ዶርምም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ካይሮ በሚገኘው ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አል-አዝሐር ከየሀገሩ የሚመጡ ተማሪዎች ሪዋቅ የሚባል የየራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ የጀበርት ሪዋቅ ሲሆን ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ነበር። በ1753 እ.ኤ.አ. የተወለደው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚህ ሪዋቅ ሸኾች ከነበሩ ቤተሰቦች የተገኘ ነው፤ ስሙም የአያት ቅድመ አያቶቹን ሀገር ይዞ ቀርቷል። ይህን ሳወራ ልጆቹ የጠየቁት «ከዚህ እስከዚያ በእግራቸው ነው የሄዱት?» ብለው ነው። ካርታው ላይ ጣታችንን እያስኬድን የአባይን መንገድና የቀይ ባሕርን መንገድ አየን።

ከዚያ ወደ ሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተመለስን። የመጀመሪያው በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት፤ ስድስት ኪሎ የሚባለው ግቢ ይኸው ነው። ኤርትራ ከተለየች በኋላ እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ በሀገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ፣ ማለትም ዛሬ ሐረማያ የሚባለው፣ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ብዙ ወላጅ ግን ዩኒቨርሲቲን የሚያስበው አሁንም ሁለት ብቻ በነበሩበት ዘመን ልክ ነው፤ የሩቅ ሰው፣ የሌላ ሰው ልጅ ቦታ አድርጎ።

እንግዳው

በሁለተኛው ሳምንት የአንዱ ተማሪዬ ታላቅ ወንድም፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የአራተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተማሪ የሆነ ወጣት፣ ለዕረፍት መጥቶ ስለነበር ወደ ክፍል ጋበዝነው። ስለ ምህንድስና ሊያስረዳ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጆቹ ግን ስለ ምህንድስና አንድም ጥያቄ አልነበራቸውም።

«ልብስህን ማን ያጥብልሃል?» አሉት። «ራሴ» ሲል ወንዶቹ በጣም ደነገጡ። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?» ስድስት፤ በተደራራቢ አልጋ። «ከላይ ነህ ከታች?» ከላይ። «ወድቀህ ታውቃለህ?» ከአልጋው አልወደቀም። ሌላው ልጅ ግን «ፈተናስ?» አለ። ወጣቱ ትንሽ ዝም ብሎ «አዎ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ላይ ወድቄ ደግሜ ወስጄዋለሁ» አላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በወጣቱ መልስ እጅግ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም እነዚህ ልጆች ወድቆ ቤቱ የቀረ ሰው ያውቃሉ፤ ወድቆ እዚያው የቀጠለ ሰው ግን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ናፍቆህ አልቅሰሃል?» ብላ የጠየቀችው ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ሁለት ሳምንት እንዳለቀሰ፣ የዶርም ጓደኞቹም እንዳለቀሱ፣ ከመካከላቸው ክርስቲያኑ ልጅ ከቤቱ በመጣለት ቆሎ ሁሉንም እንዳባበላቸው ነገራት።

የወላጆች ጥያቄ

ሥራው ሲያልቅ ወላጆችን ጠርተን ከረጢቱን አሳየናቸው። መጀመሪያ የተነሣው የገንዘብ ጉዳይ ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት አለ፤ ተማሪው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ከወጪው ከፊሉን እንደሚመልስ ውል ይፈርማል። አሠራሩ በየጊዜው ስለሚለወጥ ልጁ ሲደርስ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ወላጅ ግን ክፍያው ሁሉ በመግቢያው ቀን በጥሬ ገንዘብ የሚጠየቅ መስሎት ነበር፤ እንዲህ አለመሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

ሁለተኛው የሰላትና የምግብ ነገር ነው። ብዙ ተማሪዎች ለጁሙዓ ወደ ከተማው መስጂዶች ይወጣሉ። በብዙ ግቢዎች የሥጋ ምግብ ለሙስሊምና ለክርስቲያን ተማሪዎች ለየብቻ ይዘጋጃል። የሴት ልጅ ነገር ሲነሣ አንዲት እናት «ዶርም አይሆንም፣ ሩቅ ነው» አሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ «እትዬ፣ ጂዳ ቅርብ ነው እንዴ?» ብለው መለሱላቸው። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ከባዱን ጥያቄ ያነሡት መጀመሪያ የጠቀስኳቸው አባት ናቸው። «ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ የጎረቤት ልጅ አለኝ። ምን ልበለው ልጄን?» እውነት ነው፤ እኔም አውቃለሁ እንዲህ ያሉ ልጆችን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያስገኛል ብዬ ለ3ኛ ክፍል ልጅ ቃል አልገባሁም፤ ለአባትየውም አልገባሁላቸውም። ባጃጅ መንዳትም ሐላል እንጀራ ነው። የእኛ ሥራ ልጁ መንገዶቹን ሁሉ አውቆ እንዲመርጥ ነው አልኳቸው። አባትየው ሙሉ በሙሉ የረኩ አይመስለኝም።

አንዲት ብጣሽ

ከ61ዱ ብጣሾች አንዷ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» የምትል ናት። የልጅቷ እናት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። እቤት ያሉትን ሁሉ ጠይቃለች፤ አያቷም በየጊዜው «አላህ ያውቃል» ብለዋታል። በሕጋችን መሠረት ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እንደ ሌሎቹ ከረጢቱ ላይ ሰፋነው።

በሥሩ ምን ይጻፍ? ልጆቹ ራሳቸው ተነጋገሩበት። «አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዟል» አለ አንዱ፤ የእሱም አክስት እንዲህ ሆናለች። ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ መሆኑን፣ የሥራ ውል ምን እንደሆነ፣ ይህን የሚያጠኑና የሚከራከሩበት ሰዎች ሕግ የተማሩ መሆናቸውን በአቅማቸው ነገርኳቸው። «ሕግ» ብለን ጻፍን። ልጅቷ ቆይታ መጥታ «ቲቸር፣ ሕግ የሚማሩት ዐረብኛም ይማራሉ?» አለችኝ። ግዴታ አይደለም፤ ግን የሚያውቅ ቢኖር በጣም ይጠቅማል አልኳት። ቃኢዳን ጨርሳለች፤ ጁዝ ዐምማ ላይ ናት።

ልጆቹ አሁን 4ኛ ክፍል ናቸው። መምህርታቸው ከረጢቱን ጠይቃ ወስዳ ክፍሏ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ አዳዲስ ብጣሾችም እየተጨመሩበት ነው። ሥራቸው ባዶ የሆነ፣ የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚያጠናቸው ያልደረስንባቸው ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ «አያቴ እንቅልፍ ላይ ሆና ለምን በኦሮምኛ ታወራለች፣ ቀን ቀን አማርኛ እያወራች?» የሚል ነው፤ ሌላው «የፍየል ዓይን ውስጥ ያለው ጥቁር ለምን አግድም ሆነ?» ይላል። የሚያውቅ አንባቢ ካለ በመጽሔቱ አድራሻ ቢጽፍልን ክፍል ውስጥ እናነብላቸዋለን።